እርጥበት ፍለጋ በሳቢያን

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ላይ እርጥበት ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈልጌ ተስፋ ቆርጫለሁ።

ልጄ ለትምህርት ስትሄድ፣ እንደሚጸልይ ሰው እጇን አጥፋ የምትቆም አረንጓዴ ፌንጣ መሳይ ፍጥረት ትታልኝ ሄደች። ቤቷ አፉ በሻሽ የተሸፈነ ትልቅ ብልቃጥ ነው።

"አባዬ፣ ቆዳዋን ልትቀይር ነው። ከደረቀባት ትሞታለች፤ እርጥበት እንዳያንሳት፣ አደራ!"

በዚህ ሙቀት! የረጨሁት ውሃ ዘወር ሳልል ይደርቃል። ያደርቅባታል ብዬ ቬንትሌተሬን አጥፍቼ በላብ ተጠምቄ እውላለሁ። እሷ ግን ያው መጠውለግ ነው።

ትናንት ከዚራ ሰፈር ጉዳይ ነበረኝና ቁልፌን ለጎረቤቴ ለሐሊማ ሰጥቼ፣ "ውሃ እርጪልኝ" አልኳት። ስመለስ ብልቃጡ ባዶ ነው።

"ሐሊማ፣ የታለች?"

"ፈታኋታ! ወላሂ፣ ሁለት እጇን አንስታ ዱዓ ስታደርግ አየኋት። የሚለምን ነፍስ ይታሰራል እንዴ አቦ?"

"የት ፈታሻት?"

አንገቷን ደፋች። "ግቢ ውስጥ። ዶሮዬ ግን… ዱዓዋን እንኳ አላስጨረሰቻትም።"

ቬንትሌተሩን ከፍቼ ዘጭ ብዬ እንደተቀመጥኩ ልጄ ደወለች።

"አባዬ፣ እርጥበቱስ እንዴት ሆነ?"

"አታስቢ ልጄ" አልኳት፣ "አሁን እርጥበት ያለበት ቦታ ገብታለች።"