የኣደይ ሣህሊቱ ውሸት

ስለማላውቀው ነገር አፌን ሞልቼ የማወራ ሴት ነበርኩ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ያን ጊዜ፣ በ፲፱፻፷፪ ዓመተ ምህረት፣ ዕድሜዬ ሃያ አራት ነው። አስመራ ውስጥ፣ ከዓባ ሻውል ሰፈር ብዙ በማይርቅ አንድ ትንሽ የእናቶች ክሊኒክ ካርድ እጽፋለሁ። ሴቶቹ በትግርኛ ያወራሉ፣ ዶክተሩ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ካርዱም በአማርኛ ይሞላል፤ በመካከል የምቆመው እኔ ኣዜብ ነኝ። አማርኛን ትምህርት ቤት በኩርኩም ስለተማርኩት ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኝ ነበር። ምላሱን ግን ማንም አላስተማረኝም፣ ከእናቴ ሆድ ይዤው ነው የመጣሁት።

ስለ እኔ ይህ ይበቃል። ልነግራችሁ የተነሳሁት ስለ ኣደይ ሣህሊቱ ነው። «ኣደይ» በእኛ «እናቴ» ማለት ነው፤ ከእኔ የሚበልጡት በሃያ ዓመት ገደማ ቢሆንም ሌላ አጠራር አይሆንላቸውም ነበር። የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ጎዳይፍ ይኖራሉ፤ ባለቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ማኪና ይጠግናሉ፤ አምስት ልጆች አሏቸው። በየጠዋቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘው ይመጡና እኔ ዓይኔን እያሸሁ ስገባ ወለሉ ደርቆ ይጠብቀኛል።

በወረቀት ጽዳት ይባሉ እንጂ ዋናው ሥራቸው ሌላ ነበር። ዶክተሩ ሉፕ በሚያስገባበት ጊዜ ከአልጋው ራስጌ ቆመው የሴትዮዋን እጅ ይይዛሉ፣ ላቧን ይጠርጋሉ። ሉፕ ማህፀን ውስጥ ተቀምጦ እርግዝና የሚከላከል ጥምዝምዝ ያለ ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ የአስመራ ሰው ከጣሊያን በወረሰው ቃል ስፒራለ ይለዋል። እኔም ሁለተኛ ልጄን እንደወለድኩ አስገብቻለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆንጠጥ አደረገኝና አለቀ። ተነስቼ ሻሂዬን ጠጥቼ ካርዴን መጻፍ ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ፊቷን አጨማዳ የምትወጣ ሴት ባየሁ ቁጥር ቅምጥል ትመስለኝ ጀመር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ካርዱ ላይ «ሕመም ተሰምቷታል?» የሚል ጥያቄ አለ። ዶክተር ደጉ ሥራውን ሲጨርስ ይጠይቃል፤ ሴትዮዋ «ኣይፋልን፣ የለም» ትላለች፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ «አልተሰማትም» ብዬ እጽፋለሁ። አንዷ ከአልጋው ስትወርድ ጉልበቷ ይከዳትና ትወድቃለች፤ አልተሰማትም። ሌላዋ ጓሮ ዞራ ታስመልሳለች፤ አልተሰማትም። ንግስቲ የምትባል የሹራብ ፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ በእውነትም ምንም አልነካትም፤ ዶክተሩ ጨርሻለሁ ሲላት «መቼ ጀመርክና» ብላ አሳቀችን። የንግስቲም ሆነ የወደቀችው ሴት ካርድ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ዶክተር ደጉ ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ደግ ግን ችኩል ሰው ነበር። አንድ ቀን ካርዶቹን ሲያገላብጥ ቆየና «የአስመራ ሴት ብረት ናት» አለ። ቀድሞ ይሰጥ የነበረውን የማስታገሻ ክኒንም ከዚያ ወዲያ አስቀረው። እኔ ሞኟ ብረት በመባሌ ደስ ብሎኝ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁት።

ለተሰንበት የመጣችው ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የስምንት ልጆች እናት ናት፤ የመጨረሻዋ ጸሃይ ገና የአራት ወር ሕፃን ነበረች። ጸሃይን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ሞታ ነው የተረፈችው። ዶክተር ደጉ እሷንም ባሏን ኣስመላሽንም ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ዘጠነኛው ልጅ ይገድላታል ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ኣስመላሽ ምጽዋ ወደብ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ሉፕ እንዲገባላት በተስማማበት ወረቀት ላይ ጣቱን አሳረፈና ወደ ምጽዋ ወረደ፣ የሚመለሰውም ለፋሲካ ነው። በሁዳዴ ባልና ሚስት አልጋ አይጋሩም፤ እሱም አስመራ የለም። ስለዚህ ለተሰንበት እስከ ፋሲካ ጊዜ አላት። ከፋሲካ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ ተለይቷት የመጣ ባሏን መሬት ተኛ ልትለው ነው? እሱስ ስንት ቀን እሺ ይላል? ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ያን ዕለት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስትጨነቅ አየኋትና ምላሴ አላስቀምጥ አለኝ። ስምንት የወለደች ሴት ይህን አትሰማውም፣ የቁንጫ ንክሻ ነው አልኳት። ቀድመው ያስገቡ ሁለት ሴቶችም ለምርመራ መጥተው ነበርና ምንም የለውም አሏት። ገባች። መጋረጃው ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ የብረት ዕቃ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ለተሰንበት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ሕፃኗን አብራት ከመጣች ጎረቤቷ እጅ ነጠቀችና በሩን አልፋ ሄደች።

ዶክተር ደጉ ሉፑ ሳይገባ መሣሪያውን እንደያዘ ቆሞ፣ ስምንት ልጅ የወለደች ሴት ምን ነካት ይላል። እኔ ሳቅኩ። ኣደይ ሣህሊቱ ግን አልሳቁም፤ የወደቀውን ብረት አንስተው ወለሉን መወልወል ጀመሩ፣ የጸዳውን ቦታ መልሰው መላልሰው ወለወሉት።

ለተሰንበት አልተመለሰችም። ኣደይ ሣህሊቱ ሦስት ጊዜ ቤቷ ሄዱ፤ አንድ ጊዜ ታማለች ተባሉ፣ ሁለት ጊዜ ሥራ አለብኝ ብላ ከደጅ መለሰቻቸው። ሳምንታቱ አለቁ። ዶክተሩ በሕማማት ረቡዕ ለበዓል ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፤ ከእሱ ሌላ የሚያስገባ የለም። በሆሣዕና ዋዜማ ኣደይ ሣህሊቱ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና «አንቺ ምላስ አለሽ፣ ነይ እንሂድ» አሉኝ።

ቤቷ ከዓባ ሻውል ጠባብ መንገዶች በአንዱ ውስጥ ያለች አንዲት የድንጋይ ክፍል ናት። ለተሰንበት ሕፃኗን አዝላ ልብስ ታጥብ ነበር። ሁለታችንን ከደጅ መመለስ ነውር ሆኖባት አስገባችን። እኔ ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ስምንት ልጅ በትና ልትሞት እንደሆነ፣ ለአንዲት ደቂቃ ቁንጥጫ ብላ ነፍሷን እንደምትሸጥ፣ የቀረኝ አልነበረም። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እንደምሞት አውቃለሁ» አለች። «ስወልድ ሲያመኝ ማርያም ብዬ እጠራታለሁ። ጎረቤቶቼም ደጅ ቆመው ማርያም ማርያም ይላሉ፤ ሕመሙን ትካፈለኛለች። እዚያ አልጋ ላይ ግን ማንን ልጥራ? ልጅ እንዳይመጣ በር እየዘጋሁ ነይ እርጂኝ ልበላት? አፌን ጠቀጠቅኩት። ሌሎቹ ሁሉ ምንም አላመማቸውም፤ እኔን ግን በቢላ ነው የቆረጠኝ። ያኔ ገባኝ። ማርያም የተቆጣችው በእኔ ነው።»

ኣደይ ሣህሊቱን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ።

«እኔንም አሞኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሯት። ክሊኒኩ ሲከፈት፣ እኔ ገና ሳልቀጠር፣ አንዲትም ሴት ደፍራ መጋረጃውን አታልፍም ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ዶክተር ሠራተኞቹ ምሳሌ ይሁኑ ስላለ መጀመሪያ የተኙት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ጨለመ፣ የአልጋውን ብረት ጨብጠው ጥርሳቸው እስኪነቃነቅ ነጠላ ነከሱ። እሳቸውም እንደ ለተሰንበት ማርያምን ለመጥራት አፈሩ። ከመጋረጃው ወዲያ አሥራ አንድ ሴቶች ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመዋል። ከመካከላቸው ብትወልድ የማትተርፍ አንዲት የሚያውቋት ሴት አለች፤ እሳቸው ቢጮኹ ሁሉም ብድግ ብለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ፊታቸውን ጠርገው ወጡና ስቀው «ምንም የለውም» አሉ። ያችም ገባች፣ አሟት እንደሆን ብቻዋን ታማሚ መባልን ፈርታ ምንም የለውም አለች። ሦስተኛዋም እንዲሁ። እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት ሆነ።

«ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ» አሏት። «ማርያም የለችበትም።»

ለተሰንበት ወደ ልብስ እጥበቷ ተመለሰች፤ እኛም ተነስተን ወጣን። መንገድ ላይ ካርዶቹን በሐሳቤ ቆጠርኩ፤ ስንት «አልተሰማትም» በዚህ እጄ ጽፌያለሁ። ኣደይ ሣህሊቱን ለምን ለእኔ እንኳ እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው። አንቺን እንዳላመመሽ አይቻለሁ፣ ያላመማት ሴት ደግሞ ያመማትን አታምንም አሉኝ። ከፋኝ። የከፋኝ ግን እውነት ስለነበረ ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ ከዶክተር ጋር ከእንዴት አደሩ ሌላ ቃል ተለዋውጠው የማያውቁት ሴት ባልዲያቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ። እሳቸው በትግርኛ ተናገሩ፣ እኔ በአማርኛ አልኩት፤ ሳልቀንስ ሳልጨምር። ዶክተር ደጉ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ካርዱ ሌላ ይላል አለ። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ካርዱ ሐሰት ነው አልኩት። ከዚያ ተቀመጠ፤ ስንቶቹን ነው የሚያማቸው ብሎ ጠየቀ። ኣደይ ሣህሊቱ አላመነቱም። እኔ ፊታቸውን አላይም፣ የእግራቸውን ጣት ነው የማየው አሉ። ከአሥሩ ሦስቱ እንደ ኣዜብ ናቸው፣ ሳይታወቃቸው ያልቃል። አራቱ ያማቸዋል፣ ግን ይችሉታል። የቀሩት ሦስቱ ነፍሳቸው ልትወጣ ትደርሳለች፤ ማን ማን እንደምትሆን ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፣ ብዙ ወለደች ጥቂት ወለደች አይባልም። ዶክተሩ ተነስቶ የክኒኑ ብልቃጥ የት እንደተቀመጠ ጠየቀኝ።

ማክሰኞ እስከ ምሳ ሰዓት ለተሰንበት አልመጣችም። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ከጉዞው በፊት የመጨረሻዎቹን ሴቶች ሲያይ ደረሰች፤ ሕፃኗን አዝላለች፣ ማንንም ሰላም አላለችም። ጸሃይን ተቀበልኳት። ክኒኑን ዋጠች፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አግዳሚው ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሌሎች ስድስት ሴቶች ነበሩ። መጋረጃው ሲዘጋ ዶክተር ደጉ በዚህኛው ጊዜ ሳይቸኩል ሲመረምራት እሰማለሁ፤ ማህፀኗ ወደ ኋላ ያዘመመ እንደሆነ፣ ያን ዕለት በቀጥታ ስለገፋ እንደጎዳት ነገራት። ተረጎምኩላት። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። መቃተት ጀመረች።

«ጥሪያት» አሉ ኣደይ ሣህሊቱ። «ልጆችሽን ልታሳድጊ ነው የተኛሽው። ጥሪያት፣ ትሰማሻለች።»

መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ቀጥሎ «ማርያም» አለች፣ ቀስ ብላ። ቀጥሎ ግድግዳው እስኪሰማ ጠራቻት። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ አሁን ብድግ ብለው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። ብድግ አሉ። ከሁሉም የምታንሰው፣ ገና የሁለት ልጆች እናት የሆነች ልጅ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወደ መጋረጃው ተጠጋችና ምጥ በያዛት ጎረቤት ደጃፍ እንደቆመች ሁሉ «ማርያም፣ ማርያም» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔም ጸሃይን ታቅፌ አብሬያቸው እጠራለሁ፤ እንባዬ ሕፃኗ ላይ ይንጠባጠባል።

ሲያልቅ ዶክተሩ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ገብቷል፣ ደህና ነው አለኝ። ሕፃኗን ይዤ ገባሁ። ለተሰንበት ጠጉሯ በላብ ርሶ ተኝታለች፤ ኣደይ ሣህሊቱ ግንባሯን ይጠርጋሉ። የምታመሰግነን መስሎኝ ነበር።

«ሰባት ሳምንት» አለች። «ጠልታኛለች ብዬ ሰባት ሳምንት ሙሉ ስሟን አልጠራሁም። ይቺ ልጅ ትኩሳት ይዟት ስታድር እንኳ አልጠራኋትም፤ በእኔ ምክንያት በልጄ ላይ ትጨክናለች ብዬ። ለምን አልነገራችሁኝም?»

ኣደይ ሣህሊቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ፈርቼ ነው፣ ይቅር በይኝ አሏት። እኔ፣ የቁንጫ ንክሻ ነው ያልኳት፣ ልጇን አቀበልኳት። ለተሰንበት ጡቷን አጎረሰቻት፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።