በስንዴው ማሳ መሐል ያገኘኋት አይጥ

አርብ ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። በጀርመን ሰዓት ለምታስቡት፣ አራት ከሩብ ማለት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል ስንወጣ አውራ ጣቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አይታችሁ «ምን ነክሶሽ ነው?» ስትሉኝ «ረጅም ታሪክ ነው» ብዬ ጃኬቴን መልበስ ጀመርኩ። ብዙ ሰው እያየኝ ማውራት እንደሚከብደኝ ታውቃላችሁ። በጽሑፍ ግን እችላለሁ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ጥቅምት ላይ የኦይሮፓቱርም ማማ አናት ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል፣ ዝናቡም ሳይጠነክር ሳያቋርጥ ይውላል። በኒዳ ወንዝ ዳር ያሉት የአትክልት ቦታዎች ባዶ ይሆናሉ። ዱባው ተነሥቷል፣ ፖሙ ተለቅሟል፤ በጋውን ሙሉ እዚያ ሲበላ የከረመ ሁሉ ሙቀትና እህል ፍለጋ ወደ ሰው ቤት ይመጣል። አዳኝ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ይህን ነው። እኛ አላሰብንም።

ያደንኩት ጫካ ውስጥ አይደለም። ያደንኩት በአሜሪካ ሜዳ ላይ፣ ባቡር በሚያልፍባት አንዲት ትንሽ የገበሬ ከተማ ውስጥ ነው። ከተማዋ ደግሞ የምትገኘው እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ሰፈር፣ ጋሽ ታደለ ኬለር፣ ማለት ምድር ቤታቸው ውስጥ ነው።

ጋሽ ታደለ ማለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቆሙት፣ ሰዓታቸውን በሰንሰለት የሚይዙት ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ያኔ ለአንድ ዓመት የእህል አጫጫን እንዲማሩ ወደ አሜሪካ ተላኩ። የደረሱበት አገር ዓይን እስኪደክም ድረስ ጠፍጣፋ ነው፤ በየአቅጣጫው ስንዴ፣ በስንዴው መሐል አንድ ሐዲድ፣ በሐዲዱ ዳር አንድ ረጅም ነጭ ጎተራ፣ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ጎዳና፣ ሃያ የማይሞሉ ቤቶች። ያስጠጓቸው ገበሬዎች ኤርል የሚባል እኩያቸው የሆነ ልጅ ነበራቸው። ሁለቱ አብረው ፉርጎ ላይ ስንዴ ሲጭኑ ከረሙ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ተጻጻፉ። ዛሬ ሐዲዱ ተነቅሏል፣ ጎተራውም ፈርሷል። ጋሽ ታደለ ግን ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አምስት ሜትር በሚሆን ጠረጴዛ ላይ፣ ከተማዋን በትንሹ መልሰው ሠሯት።

ሚስተር ኤርል ቅዳሜ ጠዋት ሊመጡ ነበር። ሴት ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊኖሩ ሲሄዱ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ይቀይራሉ፤ በመሐሉ ያለው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ዕድሜ ዳግመኛ በዚህ በኩል እንደማያልፉ ሁለቱም ሽማግሌዎች ያውቁታል። ከተማቸውን የሚያዩባት ቀን ያቺ ብቻ ነበረች።

ሦስተኛው ሰው ጋሽ ኢድሪስ ናቸው። የከረን ሰው ናቸው፣ አዲስ አበባ ተምረዋል፣ እዚህ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። የቤቶቹን መጋረጃ በሙሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ ጋሽ ታደለን «የጣቢያው ሹም» እያሉ መተረብ ደግሞ ዋናው ሥራቸው ነው። የኔ ድርሻ ኤሌክትሪኩ ነበር። የተማርኩትም እሱኑ ስለሆነ፣ ሽቦው ሁሉ በእጄ ያለፈ ነው።

አሁን ወደ ስሕተታችን ልምጣ። ጋሽ ታደለ ጎተራው በአሸዋ እንዲሞላ አልፈለጉም። ማንሻው ሲሳብ እህሉ በእውነት ወደ ፉርጎው መውረድ አለበት። እውነተኛ ስንዴ እዚያ ሲገባ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ከእህል ሁሉ ለከተማዋ ልክ የሚሆነው ጤፍ ብቻ ነው። ቀለሙ ስንዴ እንዲመስል ሰርገኛ ጤፍ መርጠው ሦስት ኪሎ ገለበጡበት። እኔ በልቤ አይጥ አሰብኩ፣ ግን ዝም አልኩ። ጋሽ ኢድሪስ ያሰብኩትን ያወቁ ይመስል «ጤፍ የሚያውቅ የጀርመን አይጥ የለም» አሉ። ሦስታችንም አመንን።

ያን አርብ ሽቦውን ለመጨረሻ ጊዜ ልፈትሽ ወርጄ መብራቱን ሳበራ፣ ጎዳናው ላይ ዱካ አየሁ። የጤፉ ብናኝ እንደ አቧራ ተነጥፎ ነበርና እያንዳንዱ እግር ታትሟል፤ ከፊት አራት ጣት፣ ከኋላ አምስት፣ በመሐላቸው ጭራ የጎተተው ቀጭን መስመር። ከባንኩ በር ተነሥቶ በጣቢያው በኩል ወደ ጎተራው ይሄዳል። ከአንዱ እርምጃ እስከ ሌላው አንድ ሙሉ ቤት ያህል ነው። የጎተራው ጎን ሦስት ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ ተቦርቡሯል። ጥፍር የምታህለው የጣቢያው ሹም አሻንጉሊት ተገልብጣ ወድቃለች፣ ቆቧም ተግጧል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከጎተራው ውስጥ ደረቅ ነገር ሲኘክ ሰማሁ።

ወጥቼ ለሁለቱ ጋሼዎች ነገርኳቸው። ጋሽ ታደለ ሕንፃውን ለሚጠብቀው ለሐውስማይስተሩ ደወሉ፤ ሐውስማይስተሩ አይጥ ለሚያጠፋው ካመርየገር ደወለ፤ ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ተገኘ። ለማክሰኞ።

«እሷም ቴርሚን እንዳላት ማን ይንገራት?» አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

ጋሽ ታደለ አልሳቁም። ወርደው ዱካውን ለረጅም ጊዜ አዩና ሕግ አወጡ። «ከተማዋ ላይ ዱላ አይነሣም። መርዝም የለም፤ ጎተራው ውስጥ ሞታ ወንድሜን በግማት ልቀበለው ነው?»

«እንግዲያው ለምነን እናስወጣት» አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

እንዲያውም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጋሽ ኢድሪስ ከብርቱካን ሳጥን ወጥመድ ሠሩ፤ በሩ ከላይ በክር ተንጠልጥሏል፣ ክሩ ሲለቀቅ ዱብ ይላል። ሳጥኑን ሐዲዱ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣ የባቡር ማደሪያ አስመስለን አስቀመጥነው። ሦስት ፉርጎ ጤፍ ጫንኩ። ሆዷ ሞልቶ በደረቅ እህል እንደማትታለል ገባንና የመጨረሻውን ፉርጎ ንጥር ቅቤ ቀባሁት። «እኔ ብሆን ለዚህ እወጣለሁ» አሉ ጋሽ ኢድሪስ እያሸተቱ።

አደኑ ቀርፋፋነት ይፈልጋል። ባቡሩ ሰው በዝግታ እንደሚራመድ እየሄደ፣ እሷ እየተከተለች፣ ከጎተራው እስከ ሳጥኑ መድረስ አለባቸው። ባቡሩን በቅርብ እያየ የሚነዳው ሰው ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ተስቦ፣ በስንዴው ማሳ መሐል ለጥገና በተተወችው ቀዳዳ ብቅ ማለት አለበት። ሁለቱ ሽማግሌዎች በቀዳዳዋ አያልፉም። ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያው ሳምንት፣ ያለፈው ማክሰኞ ስበይድ አንዲት የሐዲድ መጋጠሚያ በደንብ አልያዘችልኝም ነበር። ባቡሩ በፍጥነት ሲሄድ ያልፋታል፤ በዝግታ ሲሄድ ግን እዚያ ላይ ይቆማል። ጋሽ ታደለ ያን ቀን «እጅሽ ወርቅ ነው» ብለውኝ ነበርና ጉድለቴን መናገር አፈርኩ። ማን በዝግታ ይነዳዋል ብዬ ተውኩት። መጋጠሚያዋ የምትገኘው ልክ ከቀዳዳዋ ፊት ለፊት ነው።

ወፍራም የምጣድ ጓንት በአንድ እጄ፣ የባቡሩን መቆጣጠሪያ በሌላው ይዤ በሆዴ ተሳብኩ። የቢስክሌት መብራት አንገቴ ላይ አስሬያለሁ። ቀስ ብዬ ስነሣ አገጬ ስንዴው ላይ ዐረፈ። ማሳው ከእግር መጥረጊያ ምንጣፍ የተቆረጠ ስለሆነ ይዋጋል። ዓይኔ ከሐዲዱ እኩል ነበር። ሰባት ወር ከላይ ሳያት የኖርኳትን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬቷ ላይ ሆኜ አየኋት። ጎተራው ሰማይ ደርሷል፤ ሜዳው ማለቂያ የለውም። ጋሽ ታደለ ለምን ሰባት ዓመት እንደ ፈጀባቸው ያኔ ገባኝ።

ጋሽ ኢድሪስ ሳጥኑ አጠገብ ክሩን ይዘው ቆሙ። ጋሽ ታደለ በሩ ላይ ሰዓታቸውን ይዘው ቆሙ፤ ምን እንደሚቆጥሩ አላውቅም። ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ሠላሳ አለፈ። አንገቴ ደነዘዘ፣ አፍንጫዬን በላኝ፣ አላከክሁም። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማኘኩ ቆመ።

መጀመሪያ ጢሟ ወጣ፤ ከዚያ አፍንጫዋ፤ ከዚያ ወገቧን አቅጥና ሁለመናዋ። አገር ቤት አይጠ መጎጥ የሚሉት ዓይነት ናት። ጣቢያው አጠገብ ስትቆም ጀርባዋ ከጣሪያው በለጠ። «ያው አይጥ ናት አይደል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አገጫችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚበልጥ አውሬ በዋናው ጎዳና ሲመጣባችሁ እዩት፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ባቡሩን አስነሣሁት። ቅቤው ሸተታትና ተከተለች። በፀጉር አስተካካዩ በር አለፈች፣ በባንኩ አለፈች፣ አንድም አጥር አልነካችም። ትንፋሼን ይዤ እነዳለሁ። ከፊቴ አንድ ስንዝር ሲቀረው ባቡሩ ቆመ።

መጋጠሚያዋ ናት።

አይጧም ቆመች። ዓይኗ ውስጥ የመብራቴን ነጥብ አያለሁ። ፍጥነቱን ብጨምር ባቡሩ ይዘላል፣ እሷ ደንግጣ ወደ ጎተራው ትመለሳለች፤ ሁለተኛ በዚህ ሽታ አትወጣም። ያለው መንገድ ፉርጎውን በእጅ ገፍቶ ማሳለፍ ነው። በምጣድ ጓንት ደግሞ ጣት የሚያህል ፉርጎ አይገፋም።

ከወዲያ ጋሽ ኢድሪስ በሹክሹክታ «ኣጆኺ ጓለይ» አሉ፤ በትግርኛ አይዞሽ ልጄ ማለት ነው። ጓንቱን በጥርሴ ስቤ አወለቅኩና ባዶ እጄን ዘረጋሁ።

ፉርጎውን የቀባሁት በዚያው እጄ እንደ ነበር የረሳሁት ያኔ ነው። አውራ ጣቴን አሸተተች፤ ጢሟ ሲነካኝ ተሰማኝ። ከዚያ ነከሰችኝ። ሕመሙ እስከ ክርኔ ሄደ። እጄን ብመልስ እሷም አብራ ትመጣለች፣ ከፊቴና ከጥርሷ መሐል ያለው አንድ ስንዝር ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ አልሳብኩም፤ ወደ ፊት ገፋሁ፣ አይጧ እንደ ነከሰችኝ። መንኮራኩሩ ደህናውን ሐዲድ ሲነካ ባቡሩ ራሱ መሄድ ጀመረ። አይጧ ጣቴንና ፉርጎውን ያመዛዘነች መሰለኝ። ፉርጎው ላይ ብዙ ቅቤ ነበር። ለቀቀችኝና ተከተለችው።

ባቡሩ ገባ፣ እሷ ገባች፣ በሩ ዱብ አለ።

ጋሽ ኢድሪስ ሳጥኑን በቢስክሌት ጭነው ወንዙን ተሻግረው ለቀቋት። ጋሽ ታደለ ለምን እንዳልገደሏት ሲጠይቋቸው «ጤፍ የለመደች ናት፣ ዘመድ ገድዬ ምን ልሆን?» አሉ። እኔን ተረኛ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ተቀባይዋ የነከሰኝ የቤት እንስሳ ይሁን የዱር ስትጠይቅ ጋሽ ታደለ በጀርመንኛ «የገጠር ከተማ» ብለው መለሱ። እንዴት እንደ ጻፈችው አላውቅም። ቁስሉ ታጠበ፣ መርፌም ተወጋሁ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ታደለን ደወል ደውዬ ቀሰቀስኳቸውና ገና በሩ ላይ እንደ ቆምኩ «ባቡሩ የቆመው በኔ ጥፋት ነው። መጋጠሚያዋን ማክሰኞ አበላሽቻታለሁ፣ ነገር ግን አልነገርኩዎትም» አልኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ብዙ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ።

ፋሻዬን አዩ። ሰዓታቸውንም አዩ። «ኤርል የሚደርሰው አራት ሰዓት ነው» አሉ። «ውረጂና መበየጃውን አሙቂው።»

መጋጠሚያዋን በየድኩ፤ ባቡሩን ከኤሊ ባነሰ ፍጥነት ሦስት ጊዜ አሳለፍኩባት። የጎተራውን ቀዳዳ ለመጠገን ግን ጊዜ አልነበረም። ጎዳናው ላይ ያለውን ዱካ እንጥረገው ስንባባል ደወሉ ተደወለ።

ሚስተር ኤርል ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛውን አንድ ዙር ዞሩ። ጋሽ ታደለ ጎተራው ፊት ለፊት ቆመው ቀዳዳውን በጀርባቸው ሊሸፍኑ ይሞክራሉ። ሚስተር ኤርል በትከሻቸው ገፋ አደረጓቸው፣ ጎንበስ አሉ፣ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተቱ፤ ከዚያ በዱካው ላይ እስከ ባንኩ ድረስ በዓይናቸው ሄዱ።

«ታደለ፣ አይጧን እንኳን አልረሳሃትም» አሉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይሳቁ ይሁን ያልቅሱ መለየት አቃተኝ። «አባቴ በየመከሩ በቆርቆሮ ይደፍነው ነበር። እዚሁ ቦታ ላይ።»

ጋሽ ታደለ ወደ እኔ ዞሩ፣ አይጧ የእውነት እንደ ነበረች እንዳልናገር በዓይናቸው ለመኑኝ። በዚህኛው ዝም ማለት ይቻላል ብዬ ፈረድኩ። ወደ መሣሪያ ሳጥኔ ሄድኩና፣ በታሰረ አውራ ጣት እንደሚቻለው፣ ከቲማቲም ጣሳ ላይ ቀዳዳዋን የምታህል ቆርቆሮ ቆርጬ ጠርዟን በሞረድ አለዘብኩ። ከትንሽ መዶሻ ጋር ለሚስተር ኤርል ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ሲመቱ እኔ በደህናው እጄ ደግፌ ያዝኩላቸው።