በፔርሙዝ የመጣው ቺንጋ

መካኒኩ ክፍሉ በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት ከደጃፉ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ የላምባ ምድጃ ይጠግን ነበር። ምድጃውን በጉልበቶቹ መካከል ይይዝና የተደፈነውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይወጋል፤ ይነፋበታል፤ ደግሞ ይወጋል። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ሽቦዋ ግን ከፀጉር ብዙም አትበልጥም። ስትወድቅበት አፈሩን በመዳፉ እየዳበሰ ይፈልጋታል። ዓይኑ ደክሞ ነበር። እኔ ከማዶ ሆኜ አየው ነበር።

እነዚያ እጆች በደህናው ጊዜ የከባድ መኪና ሞተር ፈትተው ይገጥሙ ነበር። ምድጃ ላይ የጣላቸው እርጅና አይደለም። ሌባ ተብሎ ነው። አዲስ ዕቃ ሸጦ አሮጌ ገጠመ፣ በዚህም የተነሣ አንዲት እናት ወንድማቸውን ሳያዩ ሞቱ ተባለ። እንደዚያ የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ክፍሉ ሌባ አልነበረም። ይህን በእርግጥ የማውቅ እኔ ብቻ ስለቀረሁ ከመጀመሪያው ልናገር።

ክፍሉ የድሬዳዋ ልጅ ነው። አባቱ ከምንጃር መጥተው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆኑ። እሱም በአሥራ ስድስት ዓመቱ አትልዬ፣ ማለት ባቡሩ የሚጠገንበት ቤት ገብቶ ብረት መቁረጥና ሞተር መፍታት ተማረ። ኋላ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ጎርፉ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ዳግመኛ አላገባም። ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ አማርኛው ነበር የሚናገረው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ሦስተኛው ፒስተን ያጉረመርማል» ሲል ሾፌሮቹ ይስቁበታል። ሞተሩ ሲከፈት ግን እሱ እንዳለው ነው።

ከደንበኞቹ ሁሉ የልብ ወዳጁ ሂርሲ ነበር። ሂርሲ በራሱ ፒክአፕ ከድሬዳዋ ጅጅጋ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ሶማሌ ነው። ሁለቱ ሳይሰዳደቡ ሰላም አይባባሉም።

«ዋርያ ክፍሉ! አንተ ከነካሃት ወዲህ ይቺ መኪና እንደ ግመል ትጮኻለች!»

«አቦ፣ ባለቤቷን መስላ ነዋ! እኔ ምን ላድርጋት?»

በ1975 ዓ.ም. ክፍሉ ያቺን መኪና አዳምጦ የታይሚንግ ቺንጋዋ ሊበጠስ መድረሱን ነገረው። ይህ ቺንጋ ከሞተሩ ፊት ያለ ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው፤ የሞተሩን ላይና ታች እኩል ያዞራል። እሱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጩና ሞተሩ እዚያው ያልቃል። በዚያ ዘመን መለዋወጫ አዲስ አበባም ተፈልጎ አይገኝም። የሚገኘው ጅቡቲ ነው። ከጅቡቲ የምናመጣው ደግሞ እኛ ነን።

እኛ የምለው በባቡር የምንመላለሰውን የኮንትሮባንድ ሴቶች ነው። ባሌ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ሠልጥኖ ወደ ሰሜን ዘመተና አልተመለሰም። ሦስት ልጆቼን የማሳድገው ጨርቅ እያመጣሁ፣ ዛሬ ታይዋን በምንለው ገበያ እየሸጥኩ ነበር። የተያዘች ሴት በኢኮኖሚ አሻጥር ትከሰሳለች፤ ስትፈታ ልጆቿ አድገው ነው የምታገኛቸው። ስለዚህ በከተማው ማንም ያልጻፈው ሕግ ነበር፦ ዕቃውን የሚገዛ ሰው ማን እንዳመጣው አይጠይቅም፤ የሚያውቅም አይናገርም።

ክፍሉ የቺንጋውን ቁጥር በሲጋራ ፓኬት ላይ ጽፎ ሰጠኝና ጅቡቲ ወስጄ ለባለሱቁ አሳየሁት። በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። ካርቶኑ ላይ ጽሑፍም ሥዕልም ነበረበት፤ እኔ ማንበብ አልችልም፣ እዚያው ጣልኩት። ካርቶን ቦታ ይይዛል። ቺንጋውን ወገቤ ላይ እንዳልታጠቀው ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ጣቢያ፣ ፈታሽዋ መጀመሪያ የምትዳብሰው ወገብ ነው። የውስጥ መስታወቱን ያወጣሁለት ትልቅ ፔርሙዝ ነበረኝ። ቺንጋውን አራት ቦታ አጥፌ፣ በሲባጎ ጥፍር አድርጌ አስሬ፣ እዚያ ውስጥ ጠቀጠቅሁት።

ደወሌ ስንደርስ ፈታሽዋ ፔርሙዙን አነሣችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻይ ነዋ!»

«ታዲያ አትጋብዥኝም? ከጠዋት ጀምሮ አፌ ደርቋል።»

«ውይ እህቴ፣ ከትናንት ወዲያ የፈላ ነው! ሆድሽን ቢቆርጥሽ እኔን ልታሳስሪኝ ነው?»

ሳቀችና መለሰችልኝ። እስከ ድሬዳዋ ድረስ በፀሐይ የጋለውን ፔርሙዝ ታቅፌው መጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ሳወጣው ቺንጋው እንደታጠፈ ቀረ። አፈርኩ። የተጨማደደ ጨርቅ ገበያ ላይ ዋጋ ስለሌለው ሁልጊዜ ውሃ አርከፍክፌ፣ ወጥሬ ሰቅዬ ነበር የማወጣው። ይህንንም እንደዚያው አደረግሁት። ለብ ባለ ውሃ ነከርኩት፤ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ከታች የወፍጮ መጅ አንጠለጠልኩበት። በሁለተኛው ቀን እጥፋቱ ድራሹ ጠፋ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩለት።

ክፍሉ ቁጥሩን አመሳከረ። ጥርሶቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው።

«አቦ ዘነቡ፣ ሙሽራ ነው ያመጣሽልኝ!» አለኝ። ሲደሰት አይቼ ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን የሂርሲ እናት ኢድል፣ ክፍሉም እንደ ልጃቸው «ሆዮ»፣ እናቴ፣ የሚላቸው፣ ታመው ነበር። ሐኪም ቤት ሰንብተው፣ የሚደረግላቸው ነገር እንደሌለ ተነግሯቸው ወደ ቤት ተመልሰዋል። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጅጅጋ ወዲያ የሚኖረውን ታናሽ ወንድማቸውን ማየት። የሶማሊያው ጦርነት ከለያያቸው ወዲህ አልተገናኙም። ሂርሲ ቺንጋው በተገጠመ በስድስተኛው ቀን ሊወስዳቸው ተነሣ። ክፍሉም መጥቶ ፍራሹን ከኋላ አነጠፈላቸው፤ እሳቸውንም አቅፎ አሳፈራቸው።

«ክፍሉ፣ ይቺ መኪና መንገድ ላይ ከቆመች ወላሂ በአንተ ጀርባ ነው ጅጅጋ የምገባው» አሉት።

«ሆዮ ኢድል፣ ከእኔ ጀርባስ መኪናዋን ይመኑ። ቺንጋዋ አዲስ ነው፤ ሁለት ዓመት የሚነካው የለም።»

«ጀርባህስ ምን አለው? የበሬ አይደለም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳሉና እንደገና ሳቁ።

ቺንጋው ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ተበጠሰ። ሂርሲ ኋላ እንደተናገረው ሞተሩ አንድ ጊዜ «ኳ» ብሎ ጸጥ አለ። ከሐረር የሚወርድ የጭነት መኪና እስኪያገኙ ድረስ ኢድል ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተኝተው ቆዩ። የተገኘውም መኪና ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ውስጥ ዐረፉ። ወንድማቸው ሰምቶ የመጣው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

መኪናዋን ወደ መጋላ ሰፈር ጎትተው ሌላ መካኒክ ከፈታት። ያ ሰው ቺንጋውን አየና «ይሄማ አሮጌ ነው፤ አዲሱን ሸጦብሃል» አለው። ሂርሲ በቀብሩ ማግስት ያን ቁራጭ ይዞ ክፍሉ ጋራዥ መጣ። እኔም ደጁ ላይ ከሰው ጋር ቆሜ ነበር። ቁራጩን እግሩ ሥር ወረወረለት።

«ይሄ ነው አዲሱ? ይሄ ነው ሁለት ዓመቱ?»

ክፍሉ አነሣው። የተበጠሰው በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ነው። በሌሎች ሦስት ቦታዎች ላይም ቀጫጭን ስንጥቅ አለበት፤ እኩል እኩል የተራራቀ። እኔ ያን ርቀት አውቀዋለሁ። ክፍሉ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ አልዞረም።

«አዲስ ነበር» አለ።

«አዲስ ከነበረ ማን አመጣልህ? ስሙን ንገረኝ፣ ሄጄ ልጠይቀው!»

ከቆሙት ሰዎች መካከል የቀበሌው ሊቀመንበር ነበረ።

«አልነግርህም፣ ሂርሲ።»

«የሚነገር ስለሌለህ ነዋ! አዲሱን ሸጠህ ነዋ! እናቴን ነው የሸጥካት፣ ሌባ!»

እኔ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ቤቴ መጣ። «እንዴት አድርገሽ ነው ያመጣሽው? አሳዪኝ» አለኝ። ነጠላዬን አራት ቦታ አጥፌ ፔርሙዙ ውስጥ ከተትኩለት። የውሃውንም የመጁንም ነገር ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

«ውስጡ ክር አለው፣ ዘነቡ» አለ ስጨርስ። «አንዴ ከታጠፈ ክሩ ይሰበራል፤ ላዩ ግን ምንም አይመስልም። መጁን ባታንጠለጥዪበት እጥፋቱን አይቼ አልገጥመውም ነበር።»

«ሄጄ ለሂርሲ እነግረዋለሁ።»

«ንገሪውና? በዚህ ሐዘኑ ላይ ዝም የሚል ይመስልሻል? ነገ ቀበሌው ይሰማል፤ ልጆችሽን ማን ያበላል? እኔ ሌባ ብባል አልታሰርም። አንቺ ግን ትታሰሪያለሽ።»

«ክፍሉ፣ ስምህስ?»

«አንቺ ጨርቅ ነው የምታውቂው፤ እኔ ደግሞ ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ተይው በቃ።»

እሺ አልኩት። ሁለተኛ እንኳ አልለመነኝም፤ ወዲያው እሺ አልኩት።

ከእኔ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሐዘኑ ቤት ሄደ። እንዳይገባ ከለከሉት። ከአጥሩ ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ለቀስተኛው እየገባ እየወጣ ያየዋል። በማግስቱም ሄዶ እዚያው ተቀመጠ፤ በሦስተኛውም ቀን። ሂርሲ በፊቱ ሲያልፍ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ወዲህ ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ቀሩበት። «ዋርያ፣ እሱ ጋ ስትሄድ ቺንጋህን ፈተህ ወገብህ ላይ ታጠቀው!» እየተባባሉ ያሾፉበት ነበር፤ እሱም ይሰማል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጋራዡን ዘጋ። እኔ ጅቡቲ መመላለሴን አልተውኩም፤ ልጆቼ ያደጉት በዚያ ነው። አልፎ አልፎ ምሳ ይዤለት ስሄድ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቀኛል እንጂ ያን ነገር አንሥቶብኝ አያውቅም።

ደርግ ሊወድቅ ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው፣ በ1982 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ላይ ክፍሉ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር፤ ከሾፌሮቹም ሁለት ብቻ። ሂርሲ አልመጣም።

መንግሥት ሲለወጥ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ፍርሃቱ ቢሄድም ኀፍረቱ አልለቀቀኝም፤ ሁለት ዓመት ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻ ሂርሲ ቤት ብሄድ ሌላ ሰው ገብቶበታል። አንዱ ጅጅጋ ነው አለኝ፤ ሌላው ሀርጌሳ። ጅጅጋ ሄጄ ፈልጌ አጣሁት። ይህን ነገር ለሌላ ሰው ነግሬ ማስጻፍ አልሆነልኝም። ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ በራሴ እጅ እስክጽፈው ብዙ ዘመን አለፈ።

ሂርሲ በሕይወት ካለ ዛሬ ሰማንያ ይጠጋል። ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሴት ልጁ ፋርሒያ ትባላለች። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እሱን ወይም ልጁን የምታውቁ ካላችሁ አንብቡላቸው። ሂርሲ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም፤ ያልገባው ነገር ካለ በሶማሊኛ አስረዱት። ቺንጋው አዲስ ነበር በሉት። ክፍሉ አልሸጠውም፣ ያጠፈችው ዘነበች ናት በሉት። ለእኔ አዝናችሁ ስሜን እንዳትዘሉት፤ አደራ።