ጨው የላሰችው ላም

ባሌ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ በኋላ ቦርደዴ አጠገብ ባለው ቆላ ውስጥ የቀረነው ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ «አዮ» እያልኩ የምጠራቸው አማቴና ገና ዓመት ያልሞላት ልጄ። ከከብቶቹ ድርቁ የተወልን አንዲት ላም ብቻ ነው። የእኔ ጡት ስለደረቀ ልጄን ያቆያት የእሷ ወተት ነበር። ባሌን እንኳ እንደዚያች ላም አላሰብኩትም።

ያደግሁት አሰበ ተፈሪ ከተማ ነው፤ ስለ ከብት የማውቀው ሥጋውን ነበር። ቆላ ውስጥ ግን ማጠጣትም ወግ አለው። ጉድጓዱ የብዙ ሰው ስለሆነ ተራ የሚደርሰው በሦስት ቀን አንዴ ነው። በዋዜማው ከብቱ ጨው ይልሳል፤ ጨው የላሰ ከብት ጠግቦ ይጠጣል፣ እስከሚቀጥለው ተራም ይቆያል። እኔ ብልጧ፣ ብዙ ጨው ብዙ ያስጠጣል ብዬ አማቴ ሳያዩ እጥፉን አላስኳት።

በማግስቱ ጠዋት ላሚቱን ይዤ ስደርስ ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ ዱላቸውን አግድመው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል።

«ውሃው ሸሽቷል» አሉ። «እስከ ነገ ይጠራቀም። ዛሬ ከብት አይቀርብም።»

«አባባ፣ ጨው ልሳለች እኮ!»

«የማን ከብት አልላሰም? ሂጂ፣ ረቢ ያውቃል።»

እጥፍ መሆኑን ልነግራቸው አፈርኩ። ላሚቱን እየጎተትኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እኩለ ቀን ላይ ላሚቱ ግድግዳውን መላስ ጀመረች። ከዚያ ተንበረከከች። ዓይኗ ሰርጉዷል፣ ምላሷ ወጥቷል። ፈራሁ። ባሌን ሲወስዱት እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። እሷ ከሞተች ልጄ እንደምትከተላት አውቃለሁ። ጎረቤት እንዳልለምን በዚያ ሰሞን ውሃ የሚሰጥ ማን አለ?

ቤት ውስጥ የቀረን ለመጠጥ ያስቀመጥነው ግማሽ ጄሪካን ነበር። አማቴ ለዙህር ሰላት በውሃ በመታጠብ ፈንታ መዳፋቸውን አፈር ላይ መታ አድርገው ፊታቸውን አበሱ። እንዲህ ማድረግ ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ከሰላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱ ማንቆርቆሪያቸው ባዶ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሳቸው ሰላት ላይ እያሉ ጄሪካኑን አንስቼ ገበቴው ላይ ገለበጥኩት። ላሚቱ አንድም ጠብታ ሳታስቀር መጠጠችው፤ ጥቂት ቆይታም ተነስታ ቆመች። ለማግስቱ ተራ ያደረሳት ያ ውሃ ነው።

እፎይ ከማለቴ ልጄ ነቃች። ሙቀቱ እሳት ነው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ታለቅሳለች፣ እንባ ግን የላትም። ጡቴን ብሰጣት ተፋችው። ሮጬ የላሚቱን ጡት ጎተትኩ፤ ምንም አልወጣም። ጄሪካኑን ዘቅዝቄ አራገፍኩት፣ ደጋግሜ አራገፍኩት። ለላም ብዬ ልጄን ገደልኳት አልኩ።

ቀና ስል አማቴ በር ላይ ቆመዋል። ጨውንም ውሃውንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ስድባቸውን ጠበቅሁ። ገቡና ከአልጋቸው ሥር ማንቆርቆሪያውን አውጥተው ሰጡኝ። ሙሉ ነበር።

«አዮ፣ ይሄ የውዱዎ ውሃ አይደለም?»

«እኔን ረቢ በአፈርም ይቀበለኛል» አሉ። «ልጅ ግን አፈር አትጠጣም። ያዢ፣ በትንሽ በትንሹ አጠጫት።»

እንዳላፈሰው ፈርቼ ማንቆርቆሪያውን መለስኩላቸውና እሳቸው አጠጧት።