ባለ ቀይ ኮሌታው ማሊያ

እርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ያቁነጠንጠኛል። ዛሬም ማሊያውን ስተኩስ ካውያውን እያስቀመጥኩ ደጅ ደጁን አየሁ። ማንም አልነበረም።

አባቴ አብነት ልብስ ሰፊ ነበር። የሰፈሩ የኳስ ቡድንም የእሱ ነበር ማለት ይቻላል። ኳሱ የሚያድረው ከስፌት መኪናው ስር ነው፤ ማሊያዎቹንም ከኮት ገበር ትራፊ የሰፋቸው እሱ ነው። ቁጥር አልነበራቸውም። ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ ስለሰፋ ማን የትኛውን እንደሚለብስ ሁሉም ያውቀዋል። አምበል ሲሾምም ወግ አያበዛም፤ «ና እስቲ ትከሻህን ልለካህ» ይለዋል፣ ከዚያ ቀይ ኮሌታ ያለው ማሊያ ይሰፋለታል።

የመጨረሻው አምበል የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ወድጄው ነበር፤ አሁን ማን ይቆጣኛል? የተለካ ዕለት አባቴ የሜትሩን ጫፍ ትከሻው ላይ እንድይዝ አዞኝ፣ ልኩ ተወስዶ ካለቀ በኋላም አልለቀቅኩም። ብዙም ሳይቆይ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሊሰናበተን ሲመጣ አባቴን «ጋሼ፣ ቦታዬን ይጠብቁልኝ» አለው።

ክረምቱ እንደወጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጥበቃ አስከትሎ ሱቃችን መጣ። «ከእንግዲህ ቡድኑ የቀበሌው ነው» አለና ኳሱንም ማሊያዎቹንም በጆንያ አስጭኖ ሄደ። አባቴ ሜዳው እንዳይደርስ፣ አምበልም የወጣት ማኅበሩ ተጠሪ እንዲሆን ተወሰነ። ተጠሪው ደልደል ያለ፣ ክፋት የሌለው ሰው ነበር፤ ኳስ ግን አትታዘዘውም።

ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጆች ጋር በተጋጠምንበት እሑድ ሊቀመንበሩ ማሊያዎቹን እንደ ቀበሌ ስኳር በሰልፍ አደለ። ቁመታሙ ተከላካይ እምብርቱ እየታየ ወጣ፤ አጭሩ አጥቂ ጉልበቱ ድረስ ተሸፈነ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አንዱ «ኧረ ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ አወለቀ፤ ሌላው ተከተለ። ሊቀመንበሩ እያየ ሁሉም ተለዋውጠው የየራሳቸውን ለበሱ፣ አባቴ ወደመደባቸው ቦታም ሄደው ቆሙ። ባለ ቀይ ኮሌታው ብቻ ተጠሪው አንገት ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። እኔ አልሳቅኩም። አባቴን ይወስዱብናል ብዬ የሊቀመንበሩን ፊት ነበር የማየው።

ሰኞ ሊቀመንበሩ ሱቃችን መጥቶ ባለ ቀይ ኮሌታውን ማሊያ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«በጓዱ ልክ ሰፋ ያድርጉት።»

«እሺ» አለ አባቴ።

እሺ ማለቱ አንገበገበኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። እሱ ግን የራሱን የክት ኮት ገበር ተርትሮ አወጣና ለተጠሪው ባለ ቀይ ኮሌታ አዲስ ማሊያ ሰፋለት። ከዚያ የዘመተውን ልጅ ማሊያ ፈታ፣ የተረፈውን ገበር ጎንና ጎኑ ላይ ጨምሮ፣ ወደ ውስጥ አጥፎ መልሶ ሰፋው።

«ይሄ ደግሞ ለምንህ ነው?» አልኩት፣ ገና እንደተናደድኩ።

«ልጅ አይደል? ሰውነት አውጥቶ ይመጣል» አለኝ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። «ያኔ ተርትሮ መልቀቅ ነው።»

መንግሥት ተለወጠ። ከዘመቱት የተመለሱት ተመለሱ፤ ያ ልጅ ግን ከመሀላቸው አልነበረም። ቡድኑም ፈረሰ፣ ሜዳው ላይም ፎቅ ቆመ። አባቴ ሊያርፍ ሲል ስለ ሱቁም ስለ ቤቱም አልተናገረም፤ «ማሊያውን ብል እንዳይበላው» ብቻ አለኝ።

ስለዚህ የልደታ በዓል ሲደርስ አጥቤ እተኩሰዋለሁ። ካውያው ጎኑ ላይ ሲደርስ ጨርቁ ወፈር ይላል። አባቴ ያጠፈው ትርፍ እዚያው እንደታጠፈ ነው።