ረቡዕ የጠጣሁት የወተት ሻይ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አምቦ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ሱዳናዊ የመንገድ መሐንዲስ ከነሚስቱ ተከራይቶ ገባ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቴ ይህን ካየች ወዲህ እንቅልፍ አጣች፤ "እናቷ በሌለችበት አገር!" ትላለች በየሰዓቱ። በሦስተኛው ቀን ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ አስያዘችኝና "እንኳን ደህና መጣችሁ ብላለች በያቸው" ብላ ላከችኝ።

መሐንዲሱ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ የናፈቀው ዘመዱ የመጣለት ነበር የሚመስለው። አዲስ አበባ የለቃቀማት ስብርባሪ አማርኛ ነበረችው፤ በዚያችው እየለመነ አስቀመጠኝ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ትልቅ ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዛ መጣች። ሻይ አልኩት እንጂ ወተት ነው፤ ቅጠሉ ቀለሙን ብቻ ነው የለወጠው። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ!

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የወጣሁት" አልኩ። ጾም ነው ብል ያፍራሉ ብዬ ፈራሁ። ደግሞስ መጀመሪያ እንቢ ማለት ወጋችን አይደል? እሱ በሞቴ ይላል፣ እኔም በሞቴ እላለሁ፣ በዚያው ያልፋል ብዬ ነው።

ሰውየው በሞቴ አላለም። በአረብኛ አንድ ነገር ተናገረና እንዳልገባኝ ሲያይ ወደ አማርኛ መለሰው። "ካልጠጣሽ ይቺ ሚስቴ ተፈታች!"

ክው አልኩ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አይስቅም። እኛ እንግዳ ስንለምን የምንምለው በራሳችን ሞት ነው፤ አፈር የምንሆነውም እኛው ነን። ይሄ ሰው ግን ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ከነሆዷ የቆመች ሚስቱን አስያዘ! እሷ ትሪውን እንደያዘች ዓይኗን እጄ ላይ ተክላለች። ተናደድኩ። ምን በወጣኝ ነው የሰው ትዳር እኔ ጉሮሮ ላይ የሚንጠለጠለው? ብርጭቆውን ግን አነሳሁ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ረቡዕ ወተት አፌ ገብቶ አያውቅም። ጣፈጠኝ፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አስደነገጠኝ። ግማሽ ላይ ስደርስ አልወርድ አለኝ፤ አስቀመጥኩት፣ አመስግኜም ወጣሁ። ሰውየው ደስ ብሎት እስከ በር ሸኘኝ።

እንዲህ ያለው መሐላ በእነሱ አገር እንግዳ ሲለምኑ ከአፍ የሚያመልጥ ነገር መሆኑን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ዕለት የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቤት ገባሁና ለእናቴ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። በዕድሜዋ ጾም ሽራ የማታውቅ ሴት ናት። እንደምትጮህብኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

"ያ ዋቃዮ!" ብላ በኦሮምኛ አምላኳን ጠራችና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ "ጨረስሽው?" አለችኝ።

"ግማሹን።"

"ግማሹን?!" ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ መንጭቃ አነሳችና ክንዴን ያዘች። "ተነሽ! ተመልሰሽ ጨርሺው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።"