እህቴ፣ ላስቲኩና የሰው ፀጉር

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ወር የእንግሊዝኛ መምህራችን ለእያንዳንዳችን ብር የሚታሰርበት ዓይነት ላስቲክ አደሉን። «እናንተ እንግሊዝኛ ስትናገሩ ሁሉንም የቃሉን ክፍል እኩል ነው የምትሉት፤ ሰሚው የቱን ይያዝ?» አሉ። ጉልበት የሚያርፍበት ክፍል ላይ ስንደርስ ላስቲኩን እንስባለን፣ ሲያልፍ እንለቃለን። ቆመን ነው የምንሠራው። አንዳንዴም በጉልበታችን ሸብረክ እንላለን።

እኔ የታዘዝኩትን የማደርግ ተማሪ ነኝ። ከኋላ ያሉት ልጆች ላስቲኩን ወረቀት ሲወነጭፉበት እኔ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር እየሳብኩ እለማመድ ነበር። አንድ ጠዋት አምልጦኝ የረዳቱን ጆሮ መታው። «ወራጅ ከሆንክ በአፍህ ተናገር እንጂ ምን ትተኩሳለህ?» ብሎ ታክሲውን ሙሉ አሳቀብኝ።

ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ያናደደችኝ ታላቅ እህቴ ናት።

እህቴ ያኔ ጎፋ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ ትሠራ ነበር። ቤቱ ለመንገድ እንደሚፈርስ ሲነገር የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሌላ ቦታ እንደማትከፍት ለሠራተኞቿ ቁርጡን ነገረቻቸው። እህቴ ሌላ ሥራ ስትፈልግ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ እንደሚፈልግ ሰማች። አመለከተች፤ ለቃለ መጠይቅም ተጠራች። ማስታወቂያው እንግሊዝኛ አጥርታ የምትናገር ይላል። እህቴ እንግሊዝኛ ታውቃለች። ስትናገረው ግን «ሪዘርቬሽን»ን እንደ ሽንኩርት እኩል እኩል ትከትፈዋለች።

«አስተምረኝ» አለችኝ። ደስ እያለኝ እሺ አልኩ።

«ተነሺ፤ ቆማችሁ ነው የተባልነው።»

«ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት። መምህርህን ጥራቸውና እግሬን ይሹልኝ።»

«በቃ ቁጭ ብለሽ ሳቢ።»

ላስቲኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወጥራ ይዛ «ሪዘርቬሽን» አለች።

«ሁሉም ላይ አይደለም! ቬይ ላይ ብቻ!»

«ሌላው ምን በደለ?»

ሳምንቱ በዚህ ሁኔታ አለቀ። ጭራሽ አርብ ጠዋት ላስቲኬን የደንበኛ ፀጉር አሰረችበት። ስቆጣት «እጄ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ሲስብ ነው የሚውለው፣ ያንተ ላስቲክ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ስሄድ ነው።

ከመካኒሳ አቦ የመጣች አንዲት ጠና ያለች ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ለልጇ ሠርግ ሹሩባ እየተሠራች ነበር። እህቴ ፀጉሯን በሁለት እጇ ይዛ ለራሷ ታነበንባለች።

«ሪዘር-ቬይ-ሽን።» ቬይ ላይ ሳብ።

«ዋይ! በጌታ! ልጄ፣ ነቀልሽው እኮ!»

«ይቅርታ እናቴ፣ ቬይ ላይ ስለደረስኩ ነው።»

«ቬይ ደግሞ ማን ነው?»

እኔም አላስችል ብሎኝ ከበሩ ላይ ማስረዳት ጀመርኩ። «ጉልበት የሚያርፍበት ክፍል ነው።»

«እኔ ራስ ላይ ነው እንዴ የሚያርፈው? ቆይ፣ ለእሷ እንግሊዝኛ እኔ መላጣ ሆኜ ልጄን ልዳር?»

ካስክ ውስጥ ፀጉሯን የምታደርቅ ልጅ «አንቺ ግን ቀጥይበት፣ ፈረንጅ ሆነሻል» ብላ ጮኸች።

ይበልጥ ያበሸቀኝ ልጅቷ እውነቷን መሆኗ ነው። እህቴ በእኔ ላስቲክ ሳምንቱን ሙሉ እምቢ ያለችውን በሰው ፀጉር ልክ አምጥታዋለች። «እስቲ እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊና በይው» አልኳት። አለችው። ያው የተከተፈ ሽንኩርት።

ሰኞ ወደ መምህራችን ሄጄ፣ ሰው እጁን ሳያንቀሳቅስ እንዲናገር ምን ይደረግ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እሱ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። አትቸኩል» አሉኝ። የእህቴ ቃለ መጠይቅ በማግስቱ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ለራሴ የተናገርኩትን አልጽፈውም።

ሆቴሉ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ቃለ መጠይቁ የሚካሄድበት ቢሮ በመስታወት የተከለለ ነው፤ በሩ ገርበብ ስላለ ሶፋው ላይ ሆኜ አያለሁ፣ እሰማለሁ። አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል። የት ሠራሽ፣ ለምን ለቀቅሽ፣ የሚቆጣ እንግዳ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ። ሁሉም በአማርኛ! ያን ሁሉ ፀጉር በከንቱ አስነቀልን ብዬ ተነስቼ ልሄድ ምንም አልቀረኝ።

በመጨረሻ ሰውዬው የጠረጴዛውን ስልክ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ስልክ ተደወለ እንበል። አንሺና በእንግሊዝኛ አስተናግጂ።»

ስልኩ ጥምዝምዝ ገመድ ያለው የድሮ ስልክ ነው። እህቴ በቀኝ እጇ አነሳችው። ግራ እጇ ለትንሽ ጊዜ የሚይዘው አጥቶ ጉልበቷ ላይ ተቅበዘበዘ። ከዚያ ገመዱን አገኘው። በልቤ «አይሆንም፣ አይሆንም» እላለሁ።

«ጉድ ሞርኒንግ» አለች፣ ሞር ላይ ገመዱን ሳብ አድርጋ። ስልኩ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ተንሸራተተ። ሄልፕ ላይ ደግማ ሳበች። ቬይ ላይ ስትደርስ ስልኩ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

እህቴ አላቆመችም። መነጋገሪያውን ከጆሮዋ ሳትነቅል የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ጨረሰች። ሰው እየጮኸባት መሥራት ለምዳለች።

ሴትየዋ ሳቋን አፍና «እንግዳው ተጎዳ?» አለቻት።

«አይ፣ መስመር ላይ ነው» አለች እህቴ በአማርኛ። ስልኩንም አንስታ ወደ ቦታው መለሰች።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስቆጣት መጣሁ። እሷ ጥፋቱ የስልኩ ነው፣ ክብደት የለውም አለች። ሐሙስ ተደውሎ ተቀጥረሻል ተባለች።

ክፍላችን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅስቃሴውን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው ለካ፦ ከክንድ ወደ ጣት፣ ከዚያ ማንም ወደማያየው ወደ እግር አውራ ጣት። እኔ እዚያ አልደረስኩም። የቃል ፈተና ዕለት መምህራችን «እጅህ ጎበዝ ነው፤ አፍህ ግን ገና አልተከተለውም» ብለውኛል። የለፋሁትን እኔ አውቀዋለሁ።

እህቴ ሥራ በጀመረች ቀን ደወለችልኝ። ታንሾካሹካለች።

«አንተ! እዚህ ያለው ስልክ ገመድ የለውም! ምን ልጎትት?»

«ምንም አትጎትቺ። ጫማሽ ውስጥ አውራ ጣትሽን ጫን አድርጊ።»

«ይህን ለመናገር እስካሁን ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«ምዕራፉ ገና ነበራ!»

«ከነምዕራፍህ... ቆይ፣ እንግዳ መጣ።»

ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ሪዘርቬሽን» ስትል ሰማኋት። ቬይ በቦታዋ ነበረች። ምን ስባ እንዳመጣችው ግን እስከ ዛሬ ብጠይቃት አትነግረኝም።